ለጋይስብሬክት ጠበቃ ባልቆምም፦ የአምስተርዳምን ከበባ ተውኔት «ውሸት» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

በአማርኛ ስለ ኔዘርላንድስ ተውኔት የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነው። ስለዚህ ሰሞኑን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ባለቅኔ በዮስት ቫን ደን ቮንደል «ጋይስብሬክት ቫን አምስቴል» ላይ የወጣውን ረጅም ትችት ማንበብ የጀመርሁት ደስ ብሎኝ ነበር። ጸሐፊው ደክመዋል፤ ዓመተ ምሕረት አመሳክረዋል፤ እነዚያን አስቸጋሪ ስሞችም በትዕግሥት ለይተዋል። የደረሱበት ፍርድ ግን የድካማቸውን ያህል አላረካኝም። ዝም ብዬ ልለፈው ብልም አልሆነልኝም።

ጽሑፋቸውን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ተውኔቱ በ1300 ገደማ አምስተርዳም ላይ ስለደረሰ ከበባ ይተርካል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ጸሐፊው አምስት ክስ አቅርበውበታል። አንደኛ፣ ታሪኩ ሐሰት ነው፤ ከተማይቱን የተከላከለላት ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ሴራው ከሮማዊው ባለቅኔ ከቨርጂል የተሰረቀ ነው። ሦስተኛ፣ ነፍሰ ገዳይን ጀግና ያደርጋል። አራተኛ፣ የካቶሊክ ቅስቀሳ ነው። አምስተኛ፣ ሕዝቡ ውሸቱን ስለነቃበት በ1968 ከመድረክ ወረደ። ከዚህ ተነሥተውም ለእኛ አገር ምክር ለግሰዋል፤ የታሪክ ተውኔት ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት የታሪክ ባለሙያዎች ይመርምሩት ይላሉ።

በየተራ እመለስባቸዋለሁ። አስቀድሜ ግን የተውኔቱን ታሪክ ልንገር፤ ጸሐፊው ይህን ያህል ሲወቅሱት በውስጡ ምን እንዳለ በቅጡ አልነገሩንምና።

ጊዜው የልደት ዋዜማ ነው። አምስተርዳም ዓመት ሙሉ ተከባ ቆይታለች። የሃርለምንና የአካባቢውን ጦር ያመጣው ቂም ነው፤ የሆላንድ ገዥ የነበረው ኮንት ፍሎሪስ 5ኛ ተገድሏል፣ በግድያው ውስጥም የአምስተርዳም ጌታ የጋይስብሬክት እጅ አለበት ይባላል። ድንገት ጠላት ሰፈሩን ነቅሎ ሄደ። ጋይስብሬክት ከበሩ ወጥቶ ባዶውን ሜዳ ሲያይ «የሰማይ ፍርድ በስተመጨረሻ ለእኔና ለተጨነቀችው ከተማዬ ራራ» ይላል። ተውኔቱ የሚከፈተው በዚህ ቃል ነው። ወዲያው ቮስሜር የተባለ ምርኮኛ ይቀርባል። ከወገኖቹ ተጣልቶ ያመለጠ መስሎ ያለቃቅሳል፤ ጠላት ጭራሮ የሞላ መርከብ ጥሎ እንደሄደም ይናገራል። የመርከቡ ስም «የባሕር ፈረስ» ነው። የከተማው ሰው ጎትቶ አስገባው። ከጭራሮው ሥር የተደበቁት ወታደሮች ሌሊት፣ ሕዝቡ በልደት ጸሎት ላይ ሳለ ወጡ። ከተማይቱ ነደደች። ሽማግሌው ጳጳስ ጎዜቪን እና የክላራ መነኮሳይያት በገዳማቸው ውስጥ ታረዱ። የጋይስብሬክት ወንድም አሬንድ ቆስሎ ሞተ። በመጨረሻ ሊቀ መላእክት ሩፋኤል ተገለጠ። ይዞት የመጣው ትእዛዝ ስደት ነው፤ ሚስትህን ባዴሎክንና ልጆችህን ይዘህ ወደ ፕሩሲያ ሂድ፣ በዚያም አዲስ ከተማ መሥርት አለው። የተቃጠለችው ከተማ ደግሞ ከዘመናት በኋላ በክብር እንደምትነሣ ተነበየለት።

እንግዲህ ወደ ክሱ።

«ታሪኩ ሐሰት ነው» የሚለው የጸሐፊው ዋና ምሶሶ ነው፤ በጥሬው ካየነውም ትክክል ናቸው። ኮንት ፍሎሪስ የተገደለው በሰኔ ወር 1296 ሙይደን አጠገብ ነው። ከሤረኞቹ መካከል የአምስቴሉ ጋይስብሬክት 4ኛ፣ ሄርማን ቫን ቩርደን እና ኼራርድ ቫን ቬልሰን ነበሩ። ቬልሰን ተይዞ በሥቃይ ተገደለ፤ ጋይስብሬክት ግን ርስቱን አጥቶ ተሰደደ። በ1304 ሆላንድ ከፍላንደርስ ጋር ስትዋጋ ክፍተቱን ተጠቅሞ ወደ አምስተርዳም የተመለሰው ልጁ ያን ነው። የተከበበው እርሱ ነው፤ ከተማይቱን ጥሎ የሸሸውም እርሱ ነው። ቮንደል የልጁን ከበባ ለአባትየው ሰጥቶታል።

እንዲያውም ጸሐፊው ያላዩትን ልጨምርላቸው። በተውኔቱ ውስጥ ከከተማው ውጭ የካርቱዝያን መነኮሳት ገዳም አለ፤ የጠላት አዛዦችም እዚያው ይመክራሉ። ያ ገዳም የተመሠረተው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ከከበባው ዘመን ጋር አይገጣጠምም። የክላራ መነኮሳይያት ወደ አምስተርዳም የመጡትማ ከከበባው ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ጎዜቪን የዩትሬክት ጳጳስ ሆኖ የተመረጠው በ1249 ሲሆን ብዙም ሳይቆይ ተሽሯል፤ በ1304 በሕይወት አለ ለማለት ዕድሜውን እንደ ማቱሳላ ማርዘም ያስፈልጋል። መልአኩ ጋይስብሬክትን «ሂድና መሥርት» የሚለው የፕሩሲያው ሆላንድ ደግሞ፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ፓስዌንክ የሚባለው ከተማ፣ የከተማነት መብት ያገኘው በ1297 ነው። ሩፋኤል ስደተኛውን የላከው ሌሎች ቀድመው ወደቆረቆሩት ከተማ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስሕተት ከደረደርን በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ቮንደል ምን እየሠራ ነበር የሚለው ነው። በ1300 አምስተርዳም በአምስቴል ወንዝ ግድብ ዙሪያ የተሰበሰበች፣ በዕንጨትና በአፈር የታጠረች ትንሽ ከተማ ነበረች። ስሟ በጽሑፍ ሲገኝ የመጀመሪያው በ1275 የተሰጠ የቀረጥ ነፃነት ሰነድ ነው፤ የሰጣትም ራሱ ፍሎሪስ 5ኛ ነው። መድረክ ላይ የምትነደው ግን ይህቺ መንደር አይደለችም። ተውኔቱ መጀመሪያ በታየበት በጥር 1638 ተመልካቹ ከቤቱ ወጥቶ አቋርጧት የመጣት ትልቋ ከተማ ናት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረብ አድርጌ ላሳይ። አምስተርዳም በ1578 ወደ ተሐድሶ (የካልቪን ፕሮቴስታንት) እምነት ስትዞር ገዳማቱ ተወርሰው ለሌላ አገልግሎት ዋሉ። የክላራ መነኮሳይያት ገዳም ከ1596 ጀምሮ ማረሚያ ቤት ሆነ። ራስፕሃውስ ይሉታል፤ እስረኞቹ ከብራዚል የሚመጣውን ጠንካራ ቀይ እንጨት ለቀለም መሥሪያ ሲሞርዱ የሚውሉበት ቦታ ነው። በ1638 ቴአትር ቤት የተቀመጠ ነጋዴ «ክላራ ገዳም» ሲባል የሚታየው ያ ማረሚያ ቤት ነው። ቮንደል ያንን ሰው ወስዶ፣ ሞረድ በሚጮኽበት አጥር ውስጥ በአንድ ወቅት ሴቶች በልደት ሌሊት እየዘመሩ ነበር ይለዋል። የዘመን ስሕተት መሆኑ አያከራክርም። ያለ ሐሳብ የገባ ስሕተት ነው የሚለኝን ግን አላምነውም። ለከተማው የራሱን የቆየ ገጽታ፣ ያውም ሰዉ ሊያየው የማይፈልገውን፣ ፊቱ ላይ አስቀምጦለታል።

ጸሐፊው ተውኔቱን ከመዝገብ ጋር ሲያስተያዩ የተመልካቹን ወንበር ረሱት። የመጀመሪያው ክስ ላይ ያለኝ ቅሬታ ባጭሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች የምለውም ሁሉ ከዚሁ የሚመዘዝ ነው።

«ከቨርጂል የተሰረቀ ነው» የሚለውን ሁለተኛ ክስ ሳነብ ትንሽ ሣቅሁ። ሌባ የሰረቀበትን ቤት ስም በር ላይ አይለጥፍም። በ1637 በዊለም ብላው ማተሚያ ቤት የታተመው መጽሐፍ ገና በርእስ ገጹ ላይ ከቨርጂል «ኤኔይድ» ሁለተኛ መጽሐፍ የተወሰደ የላቲን ሐረግ ይዟል፤ «ጥንታዊቱ ከተማ ወደቀች» ማለት ነው። ቮንደል ግሪኮች በእንጨት ፈረስ ውስጥ ተደብቀው የገቡባትን የትሮይን ውድቀት ወደ አምስተርዳም ማምጣቱን ማንም እንዳይስተው አድርጎ ተናግሯል። በዚያ ዘመን ደግሞ ታላቅን ሥራ በግልጽ ተከትሎ ከእርሱ ጋር መፎካከር የባለቅኔ ማዕረግ እንጂ ነውር አልነበረም። ቮስሜር ትሮያውያንን ያታለለው ሲኖን ነው። መርከቡ የእንጨቱ ፈረስ ነው፤ ስሙንም «የባሕር ፈረስ» ያለው አንባቢው እንዲያስተውለው ነው። ባዴሎክን በሕልም «ሽሹ» እያለች የምታስጠነቅቀው የቬልሰን ሚስት የሟቿ የማክቴልድ መንፈስ ለትሮያዊው ጀግና ለኤንያስ በሕልም የታየው ሟቹ ሄክቶር ናት። ጸሐፊው እነዚህን ጥንዶች እንደ ወንጀል ማስረጃ ደረደሩ፤ ቮንደል ግን እንደ ግብዣ ነበር ያቀረባቸው።

ይልቁንም ጸሐፊው ፈጽሞ ያላነሡት ሌላ ምንጭ አለ፤ ለኔዘርላንድስ ተመልካች ከትሮይ ይልቅ የሚቀርበው እርሱ ነው። በመጋቢት 1590 የብሬዳ ከተማ በስፔን እጅ ነበረች። ወደ ምሽጉ ማገዶ የሚያመላልስ አንድ ጀልባ ነበር፤ የሚጭነው ከረግረግ ተቆፍሮ የሚደርቀውን የአፈር ማገዶ ነው። የኔዘርላንድስ ጦር መሪ የናሳው ሞሪስ ሰዎች ሰባ ያህል ወታደሮችን ከማገዶው ሥር ደበቁ። አዛዣቸው ሻርል ደ ኤሮዢየር ይባላል። ወታደሮቹ በብርድና በውኃ እየተንቀጠቀጡ በጀልባው ሆድ ቆዩ፤ ጠባቂዎቹም ጀልባውን በገዛ እጃቸው ወደ ምሽጉ አስገቡት። ሌሊት ወጡ፤ ከተማይቱም ተያዘች። ይህ በዚያ አገር ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው። ስፔኖች ብሬዳን በ1625 መልሰው ያዟት፤ የሞሪስ ተተኪ ፍሬድሪክ ሄንሪ ከብቦ ያስለቀቃት ደግሞ በጥቅምት 1637 ነው። «ጋይስብሬክት» ሊታይ የቀረው ሦስት ወር እንኳ አልነበረም።

እስቲ አስቡት። የብሬዳ ድል ወሬ ገና ሳይበርድ በቴአትር ቤት ጭራሮ የጫነ መርከብ ወደ ከተማ ሲጎተት ያየ ሰው የሚያስታውሰው ሲኖንን ብቻ ነው? እርሱ የለመደው የማገዶ ጀልባ ታሪክ የራሱ ወገን ብልኀት ነው፤ እዚህ ግን ብልኀቱ በእርሱ ላይ ዞሯል፤ የሚነደው የእርሱ ከተማ ነው። ከቨርጂል የተዋሰውን ያህል ከትናንት ወሬም ወስዷል፤ ሁለቱንም ገልብጦ ነው የተጠቀመባቸው።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ከቨርጂል ጨርሶ ይለያል፤ ይህን አለማንሣታቸው ነው ያስቆጨኝ። ኤንያስ ከምትቃጠለው ትሮይ ሲወጣ ሚስቱ ክሬኡሳ ከኋላው ቀርታ በጭሱ መካከል ትጠፋለች፤ የሚያገኘው ጥላዋን ብቻ ነው። የቮንደል ባዴሎክ አትጠፋም። ባሏ «አንቺ ልጆቹን ይዘሽ በመርከብ ሂጂ፣ እኔ ምሽጉን ይዤ እሞታለሁ» ሲላት እንቢ ትላለች። ይማጸናታል፣ ያዛታል፣ ይቆጣታል፤ ያለ እርሱ ላለመሄድ ትጸናለች። ካህኑ ወንድም ፔተር በመካከል ገብቶ ይለምናል። ይህ ክርክር ከጦርነቱ ወሬ ሁሉ ይልቅ መድረኩን ይሞላዋል። ከዚያ በፊት በአራተኛው ገቢር መጨረሻ መዘምራኑ በባልና በሚስት መካከል ካለው የበለጠ የጸና ታማኝነት በዓለም ወዴት ተገኘ ብለው የዘመሩትም ለዚሁ ሲያዘጋጁን ነው። ቮንደል ሚስቱን ማይከን ደ ቮልፍን በ1635 በሞት አጥቷል። ይህንን ከዚያ ጋር አያይዤ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ የተሰረቀ ሴራ ያሉት ሥራ እምብርቱ ላይ ከምንጩ ተቃራኒ እንደሚሄድ ማሳየት ይበቃኛል።

ሦስተኛው ክስ «ነፍሰ ገዳይን ጀግና አደረገ» ይላል። እዚህ ላይ በከፊል እስማማለሁ። በተውኔቱ ጋይስብሬክት ፍሎሪስን በሕግ ለፍርድ ማቅረብ እንጂ መግደል አልፈለግሁም ብሎ ራሱን ያነጻል። እውነተኛው ጋይስብሬክት ይህን ያህል ንጹሕ አልነበረም። ነገር ግን ይህን ማንጻት የጀመረው ቮንደል አይደለም፤ ባለቅኔው ፒ. ሲ. ሆፍት በ1613 ስለ ኼራርድ ቫን ቬልሰን በጻፈው ተውኔት ጋይስብሬክትን ቀደም ብሎ ልዝብና አስተዋይ አድርጎታል። ቮንደል የተቀበለው የተዘጋጀ ሰው ነው።

ጀግና ማለት ምንድን ነው የሚለው ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር እንለያያለን። ይህ «ጀግና» ምን አሸነፈ? በመጀመሪያው ቃሉ እግዚአብሔር ራራልኝ አለ፤ ሳይነጋ ሁሉንም አጣ። ሰላዩን አመነ። መርከቡ እንዲገባ ፈቀደ። ወንድሙን ቀበረ። ጎዜቪንን ከገዳሙ ላውጣህ ቢለው ሽማግሌው የጵጵስና ልብሱን ለብሶ እዚሁ እሞታለሁ አለው፤ እርሱንም ማዳን አልቻለም። የመጨረሻ ንግግሩ «ደኅና ሁኝ የአምስቴል ምድሬ፤ ሌላ ጌታ ጠብቂ» የሚል ነው። ገዥን ለማወደስ የተጻፈ ሥራ ቢሆን ኖሮ ገዥውን እንዲህ ባዶ እጁን ባልሸኘው ነበር። የተውኔቱ ሙሉ ርእስም የሚለው «የከተማው ጥፋትና ስደቱ» ነው። ጸሐፊው ስለ ሰውዬው ሲጽፉ የርእሱን ሁለተኛ አጋማሽ ዘለሉት።

ስደት የሚለው ቃል በ1638 አምስተርዳም ውስጥ ቀላል ቃል አልነበረም። የቮንደል ወላጆች ከአንትወርፕ የሸሹ ሜኖናይቶች ናቸው (የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ስሙን ያስታውሰዋል)። እርሱ ራሱ በ1587 የተወለደው በስደት፣ ጀርመን አገር ኮሎኝ ውስጥ ነው። አንትወርፕ በ1585 ከረጅም ከበባ በኋላ ለስፔን እጅ ስትሰጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿ ወደ ሰሜን ፈልሰዋል፤ አምስተርዳምን ካበለጸጓት አንዱ ወገን እነርሱና ልጆቻቸው ነበሩ። እናቱ በእሳት ውስጥ ዕቃዋን ሸክፋ እንደወጣች እየሰማ ያደገ ሰው ያንን አምስተኛ ገቢር ሲያይ የ1304ቱን የዘር ሐረግ አያመሳክርም።

ቮንደል ተውኔቱን ለማን እንዳበረከተው ጸሐፊው አልጠቀሱም፤ ለሁጎ ግሮቲየስ ነው። ግሮቲየስ በሉቬስታይን ምሽግ የዕድሜ ልክ ታሳሪ ሳለ በ1621 በመጽሐፍ ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ያመለጠው የሕግ ሊቅ ነው። በ1637 በፓሪስ የስዊድን አምባሳደር ሆኖ ይኖር ነበር፤ ወደ አገሩ መመለስ አልተፈቀደለትም። የአዲሱ የአምስተርዳም ቴአትር ቤት መክፈቻ እንዲሆን የተጻፈ ሥራ፣ የሪፐብሊኩ ገዥዎች ላባረሩት ሰው ይበረከታል! ከዚህ የበለጠ ድፍረት ከአንድ ካልሲ ነጋዴ መጠበቅ አይቻልም። አዎን፣ ቮንደል በዋርሙስ መንገድ ካልሲ እየሸጠ ነበር ቅኔ የሚጽፈው።

አራተኛው ክስ፣ የካቶሊክ ቅስቀሳ ነው የሚለው፣ አዲስ አይደለም። ሦስት መቶ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ያኮብ ቫን ካምፐን በካይዘርስክራክት ላይ ያነጸው ቴአትር ቤት ሊመረቅ የታሰበው በታኅሣሥ 26 ቀን 1637 ነበር። የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ጳጳስና መነኮሳይያት በመድረክ ላይ ይታያሉ ብለው አቤት አሉ፤ ከንቲባዎቹም ጉዳዩን እስኪያዩ ምረቃው ዘገየ። በጥር 3 ቀን 1638 ተፈቀደ። ጸሐፊው የደገሙት የእነዚያን አገልጋዮች ክስ ነው።

ቮንደል ለካቶሊክ እምነት ልቡ አላዘነበለም አልልም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1641 ገደማ፣ በይፋ ካቶሊክ ሆኗል። ነገር ግን በ1300 አምስተርዳም ውስጥ ልደትን የሚያከብር ሰው ምን ሆኖ ሊቀርብ ነበር? ሉተር እስኪወለድ ገና መቶ ሰማንያ ዓመት ይቀራል። ዝማሬው ራሱ ደግሞ የአንድ ወገን መፈክር አይደለም። በሦስተኛው ገቢር መጨረሻ መነኮሳይያቱ የሚዘምሩትን ላስታውስ፦ «ከቀናት ሁሉ የተዋብሽ የልደት ሌሊት ሆይ፣ ሄሮድስ ብርሃንሽን እንዴት ይችለዋል?» ከዚያ ዝማሬው ወደ ቤተ ልሔም ሕፃናት ዕልቂት ይሻገራል፤ ራሔል በየመስኩ ስትንከራተት ትታያለች፤ «ያዘንሽ ራሔል፣ መንከራተትሽን ተዪ፤ ልጆችሽ ሰማዕታት ሆነው ይሞታሉ» ይሏታል። ይህን የሚዘምሩት ሴቶች በዚያው ሌሊት ራሳቸው ይታረዳሉ። እነርሱ አያውቁም፤ ተመልካቹ ግን ይጠረጥራል። በስንክሳር የሄሮድስን ግፍ እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ባዕድ ነገር አይሆንበትም፤ ለተሐድሶ እምነት ተከታዩም ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ ሁለት የተዘጋ መጽሐፍ አልነበረም። ቅስቀሳ ሰውን በአንድ ወገን ያሰልፋል። ይህ መዝሙር ግን ገዳዩ የየትኛው ወገን እንደሆነ አይጠይቅም፤ በተውኔቱ ውስጥ ገዳዮቹም ከታራጆቹ ጋር አንድ ሃይማኖት ናቸው። ካቶሊኮች ካቶሊክ ጳጳስ ሲያርዱ የሚያሳይ ቅስቀሳ ካለ እንግዳ ቅስቀሳ ነው።

የ1968ቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ተውኔቱ ከ1638 ጀምሮ፣ ቴአትር ቤቱ በጦርነት ወይም በሌላ ምክንያት ከተዘጋባቸው ዓመታት በስተቀር፣ በአዲስ ዓመት ሰሞን በየዓመቱ ሲታይ ኖሯል። የቫን ካምፐንን ቤት በ1665 የተካው አዲሱ ቴአትር ቤት በ1772 ተቃጥሏል፤ ልማዱ ግን አልተቃጠለም። የተቋረጠው በ1968 ነው። ጸሐፊው «ሕዝቡ ነቃ» ይላሉ። ታሪክ ጸሐፊዎች ከበባው የማን እንደነበር ካወቁት ግን ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የከበባው ዘመን ሰው የሜሊስ ስቶከ የግጥም ዜና መዋዕልም ከጥንት ጀምሮ ይነበብ ነበር። ውሸቱ መታወቁ ካልገደለው ምን ገደለው? በ1960ዎቹ መጨረሻ የአምስተርዳም ወጣቶች በአሮጌው የቴአትር ሥርዓት ላይ ተነሥተው ነበር፤ በ1969 በተዋንያን ላይ ቲማቲም እስከመወርወር ደርሰዋል። ያቆመው የመድረክ ጣዕም ለውጥ ነው። ጽሑፉ ዛሬም ይታተማል፤ ከዚያም ወዲህ አልፎ አልፎ በአዲስ አዘገጃጀት ወደ መድረክ ተመልሷል። ሦስት መቶ ሠላሳ ዓመት የታየን ሥራ «ወድቆ ቀረ» ማለት ትንሽ ድፍረት አይደለም?

የቀረው ለእኛ አገር የሰጡት ምክር ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስም ሆነ ስለ ሌሎች ነገሥታት የተጻፉ ተውኔቶቻችን ከዜና መዋዕሉ ርቀዋል፤ ስለዚህ የባለሙያዎች ጉባኤ ይመርምራቸው ይላሉ። የታሪክ ባለሙያ ተውኔትን ቢተች፣ ስሕተቱን በጋዜጣ ቢያወጣ ጥሩ ነው፤ ጸሐፊውም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ መብታቸውም ነው። መድረክ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ ሰጪና ነሺ ይኑር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምሳሌ ያደረጉት አገርም ይህን ሞክሮታል። ቮንደል በ1625 በ«ፓላሜደስ» የአንድን የተገደለ የመንግሥት ሰው ታሪክ በግሪክ ስም ሸፍኖ ሲያቀርብ ሦስት መቶ ጊልደር ተቀጣ። በ1654 «ሉሲፈር» ሁለት ጊዜ ብቻ ከታየ በኋላ ታገደ፤ ዛሬ በዚያ ቋንቋ ከተጻፉት ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1637 «ጋይስብሬክት»ን መርምረው ለማስቀረት የጣሩት አገልጋዮችም የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ያስጨነቃቸው ግን የጋይስብሬክትና የልጁ የያን መደባለቅ አልነበረም፤ ያስጨነቃቸው መነኮሳይያቱ ናቸው። መርማሪ ምንጊዜም የሚያየው የሚፈራውን ነው። ጸሐፊው ይህን አሠራር ለእኛ መድረክ ከተመኙልን፣ መርማሪዎቹ እነማን እንደሚሆኑ፣ የሚፈሩትም ምን እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩን።